በጎልፍ «የሴቶች ሕግ» የሚባል የለም

የሴቶች ባለሙያ ጎልፍ ተጫዋቾች ወደ ዱባይም ሆነ ወደ ሪያድ ሲመጡ፣ ስፖርቱን በቅርብ የማይከታተል ሰው አንድ ጥያቄ ያነሳል። ሴቶቹ የሚጫወቱት ከሌላው በተለየ ሕግ ነው ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። በቅርጫት ኳስ የሴቶች ኳስ ከወንዶቹ ያንሳል፤ በመረብ ኳስ የሴቶች መረብ ዝቅ ይላል። በጎልፍስ?

አጭሩ መልስ «አይደለም» ነው። የጎልፍን ሕግ የሚያወጡት በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ የሚገኘው አር ኤንድ ኤ እና የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ናቸው። ሁለቱ አብረው የሚያወጡት መጽሐፍ አንድ ነው፤ ለዓለም ሻምፒዮናዋም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ለሚጫወተው ጡረተኛም ያገለግላል። በቦርሳ የሚያዙት መምቻዎች ከ14 አይበልጡም። የጠፋ ኳስ የሚፈለገው ለ3 ደቂቃ ብቻ ነው። ኳሱ ካረፈበት ቦታ ይመታል። በዚህ ሁሉ ወንድ ሴት የሚል ቃል የለም።

ረጅሙ መልስ ግን ሌላ ነገር ያሳያል፤ ይህን ርዕሰ አንቀጽ ለመጻፍ ያነሳሳንም እሱ ነው። መጽሐፉ አንድ ቢሆንም የውድድሩ አዘጋጅ ኮሚቴ የአካባቢ ሕግ የመጨመር ሥልጣን አለው። የባለሙያ ማኅበራቱም ስለ ጨዋታ ፍጥነት፣ ስለ አለባበስና ስለ ተሳታፊነት የራሳቸውን ደንብ ያወጣሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ካሜራው አለ። እርስዎ ሜዳ ላይ የሚያውቁት ሕግና በሻምፒዮና ላይ የሚያዩት ሕግ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የኛ አቋም ግልጽ ነው። ልዩነት መኖሩ በራሱ ችግር የለውም። ችግር የሚሆነው ተጫዋቿ ልዩነቱን ወይም ቅጣቱን የምትሰማው ነገሩ ካለፈ በኋላ ሲሆን ነው።

ለእኛ አንባቢ ነገሩን ለማስረዳት ከአትሌቲክስ የቀረበ ምሳሌ የለም። ትዕግስት አሰፋ በፈረንጆቹ 2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨረሰች። በ2025 ለንደን ላይ ደግሞ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበች። ሰዓቱ ከበርሊኑ የዘገየ ሆኖ ሳለ እንዴት ክብረ ወሰን ሆነ? በርሊን ላይ ወንዶችና ሴቶች አብረው ስለሚሮጡ፣ ለንደን ላይ ግን ሴቶቹ ለብቻቸው ስለሚነሱ ነው፤ ሁለቱ በተለያየ መዝገብ ይያዛሉ። ርቀቱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው፤ አይቀየርም። የተለየው የውድድሩ ሁኔታ ነው፤ ያም አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ማንም ተበደልኩ አይልም። በጎልፍም መሆን ያለበት እንዲህ ነበር። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልሆነም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2017 በካሊፎርኒያ የተካሄደውን የኤኤንኤ ኢንስፒሬሽን ውድድር እንውሰድ፤ ከሴቶቹ አምስት ታላላቅ ውድድሮች አንዱ ነው። አሜሪካዊቷ ሌክሲ ቶምፕሰን ቅዳሜ በሦስተኛው ዙር በ17ኛው ጉድጓድ ላይ፣ ከጉድጓዱ አንድ ክንድ የማይርቅ ኳሷን ምልክት አድርጋ አነሳችው። መልሳ ስታስቀምጠው ከነበረበት በጣት ስፋት ያህል ፈቀቅ አለ። ማንም አላየም። ዙሩን ጨረሰች፣ የውጤት ወረቀቷን ፈርማ ወጣች። በማግስቱ እሁድ ግን አንድ የቴሌቪዥን ተመልካች በኢሜይል ጠቆመ። ቶምፕሰን በመጨረሻው ዙር እየመራች 12ኛውን ጉድጓድ ጨርሳ ወደ 13ኛው ስትሄድ ዳኛዋ ቀርባ አራት ምት መቀጣቷን ነገረቻት። ሁለቱ ኳሱን በተሳሳተ ቦታ ስላስቀመጠች፣ ሁለቱ ደግሞ ስለዚያ ቅጣት ምንም ሳታውቅ የፈረመችው ወረቀት ስህተት ሆኖ ስለተገኘ ነው። ሁለት ምት ስትመራ የነበረችው ተጫዋች በአንድ አፍታ ሁለት ምት ተመሪ ሆነች። እያለቀሰች ተጫውታ በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ እኩል ደረሰች፤ በመለያው ጨዋታ ግን ዋንጫውን ደቡብ ኮሪያዊቷ ሶ ዮን ሪዩ ወሰደች።

እዚህ ላይ ለሪዩ ፍትሐዊ እንሁን፤ እሷ ምንም አላጠፋችም፤ ኳሷን መትታ አሸነፈች። ቶምፕሰንም ሕጉን አልጣሰችም ማለት አይቻልም። ኳስ ከተነሳበት ቦታ ይመለሳል፤ ይህ ለእርስዎም ለእሷም እኩል የሚሠራ ሕግ ነው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። እርስዎ በሠፈርዎ ሜዳ ላይ እንዲህ ቢያደርጉ አብሮዎት ያለው ሰው ወዲያው ይነግርዎታል፤ ኳሱን አስተካክለው ያስቀምጣሉ፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ሻምፒዮናዋ ላይ ግን ዳኛው በሌላ ከተማ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ሆነ። ካሜራው ደግሞ የሚከተለው መሪዎቹን ነው። በ60ኛ ደረጃ ላይ ያለችው ተጫዋች ያንኑ ብታደርግ የሚያያት ካሜራ የለም። ስለዚህ አንዱ ሕግ በመሪዋ ላይ ከብዶ፣ በተከታይዋ ላይ ቀልሎ ወደቀ።

ተመሳሳዩ ነገር አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2016 የአሜሪካ የሴቶች ኦፕን ላይ ደርሶ ነበር። ስዊድናዊቷ አና ኑርድክቪስት ከብሪታኒ ላንግ ጋር በመለያ ጨዋታ ላይ እያለች፣ ከአሸዋ ጉድባ ስትመታ መምቻዋ ወደ ኋላ ሲነሳ አሸዋውን በጥቂት ቅንጣት ነካ። በዓይን የሚታይ አልነበረም፤ ቀርቦ ያጎላ ካሜራ ነው ያየው። ሁለት ምት ተቀጣች። ቅጣቱን የሰሙት በሚቀጥለው ጉድጓድ ላይ እየተጫወቱ ሳሉ ነው፤ እሷ ሦስተኛ ምቷን ከመታች በኋላ፣ ላንግ ግን ከመምታቷ በፊት። አንዷ ሳታውቅ መታች፣ ሌላዋ አውቃ መታች።

ሕግ አውጪዎቹ እነዚህን ሁለት ክስተቶች ዝም ብለው አላለፉም፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። በ2017 ራሱ፣ በዓይን ሊታይ የማይችል ጥሰት በቪዲዮ ብቻ እንዳያስቀጣ፣ ተጫዋቿም ቦታ ስትለይ ምክንያታዊ ጥንቃቄ ካደረገች በኋላ በምስል እንዳትከሰስ ወሰኑ። ከጥር 2018 ጀምሮ ከተመልካች የሚመጣ ጥቆማ አይታይም፤ ውድድሩ ራሱ ቪዲዮውን የሚከታተል ዳኛ ይመድባል። ባላወቀችው ቅጣት ምክንያት የተሳሳተ ወረቀት በመፈረም የሚመጣው ተጨማሪ ሁለት ምትም ቀረ። ዛሬ ወንዶቹም የሚጠቀሙበት ይህ ጥበቃ የመጣው በአብዛኛው በሴቶች ሻምፒዮና ላይ በፈሰሰ እንባ ነው። ይህን ብዙዎች አያስታውሱም።

አሁን ወደ እርስዎ ሜዳ እንመለስ። ቅዳሜና እሁድ የሚጫወት ሰው ስለ ጎልፍ «አውቃለሁ» ከሚለው ውስጥ ብዙው ሕግ አይደለም፤ ልማድ ነው። ኳሱ ለጉድጓዱ አንድ ስንዝር ሲቀረው «ገብቷል እንበለው» ማለት አንዱ ነው። ይህ የሚፈቀደው ሁለት ወገኖች ፊት ለፊት በሚገጥሙበት፣ ጉድጓድ በጉድጓድ በሚቆጠረው ጨዋታ ብቻ ነው፤ ያም ተጋጣሚው በግልጽ ሲፈቅድ። በአብዛኛው የሴቶች ሻምፒዮና እንደሚደረገው ጠቅላላ ምት በሚቆጠርበት ጨዋታ ኳሱ የግድ መግባት አለበት። ሳያስገቡ አንስተው ወደሚቀጥለው ከሄዱና ካላረሙት ከውድድሩ ይሰረዛሉ።

በፊት ለፊቱ ጨዋታም ቢሆን ልማድና ሕግ ሲጋጩ የሚሆነውን በ2015 ጀርመን ውስጥ በተካሄደው የሶልሃይም ዋንጫ አይተናል። አሜሪካዊቷ አሊሰን ሊ በ17ኛው ጉድጓድ ላይ ከጉድጓዱ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል የቀረውን ኳሷን «ተፈቅዶልኛል» ብላ አነሳችው። አልተፈቀደላትም ነበር። ኖርዌያዊቷ ሱዛን ፔተርሰን ፈቃድ አልሰጠንም አለች፤ ጉድጓዱ ለአውሮፓ ተቆጠረ፣ ጨዋታውንም አውሮፓ አሸነፈ። በሕጉ ፔተርሰን ትክክል ነበረች። ከሰዓት በኋላ ግን የተቆጡት አሜሪካውያን ከ10 ለ6 ተነስተው ዋንጫውን 14 ተኩል ለ13 ተኩል ወሰዱ። ፔተርሰንም በማግስቱ በይፋ ይቅርታ ጠየቀች። እኛ ግን አሊሰን ሊን ከተጠያቂነት ነፃ አናደርጋትም። ኳስ ከማንሳት በፊት አንድ ቃል መጠየቅ ምንም አያስከፍልም፤ ልጆችን ጎልፍ የሚያስተምር ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ሊነግራቸው የሚገባ ነገር ነው።

የጠፋ ኳስ ጉዳይ ደግሞ በተቃራኒው ሕጉ ራሱ ለተራው ተጫዋች የሚራራበት ቦታ ነው። ኳስዎ ከጠፋ ወይም ከሜዳው ክልል ከወጣ፣ መደበኛው ሕግ ወደ መታችሁበት ተመልሳችሁ በአንድ ምት ቅጣት እንደገና ምቱ ይላል። ከ2019 ወዲህ ግን ክለቦች ሌላ አማራጭ መስጠት ይችላሉ፤ ኳሱ በጠፋበት አቅራቢያ በሁለት ምት ቅጣት ኳስ ጥለው መቀጠል። ከኋላዎ የሚጠብቀው ሰው እንዳይሰለች የታሰበ ነው። ይህ አማራጭ ለባለሙያና ለከፍተኛ ውድድሮች የታሰበ አይደለም። ሻምፒዮናዋ ኳሷ ከጠፋ በሺህ ሰው ፊት እግሯን ጎትታ ወደ መነሻው ትመለሳለች። እዚህ ላይ ቅሬታ የለንም፤ ሁሉም መነሻው ላይ ሳለ ያውቀዋልና።

በዚሁ ሚዛን ብንመዝነው፣ የሴቶቹ ማኅበር ኤልፒጂኤ በ2025 ያወጣው የፍጥነት ደንብ የሚመሰገን ነው። መጽሐፉ አንድን ምት ለመምታት ከ40 ሰከንድ በላይ እንዳይወስድ ይመክራል እንጂ በሰከንድ አይቀጣም። የማኅበሩ ደንብ ግን ሰዓት ሲያዝ ከተፈቀደው ከ1 እስከ 5 ሰከንድ ያሳለፈችው በገንዘብ፣ ከ6 እስከ 15 ያሳለፈችው በአንድ ምት፣ ከዚያ በላይ ያሳለፈችው በሁለት ምት ትቀጣለች ይላል። በ2023 በኤቪያን ሻምፒዮና ስፔናዊቷ ካርሎታ ሲጋንዳ በዝግታ ሁለት ምት ተቀጥታ፣ ቅጣቱን በወረቀቷ ላይ ባለማስገባቷ ከውድድሩ ተሰርዛለች። ከባድ ነው፤ ግን ቅጣቱ ወረቀቱን ከመፈረሟ በፊት ተነግሯታል። ከቶምፕሰን ጋር ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

ወደዚህ አካባቢ እንምጣ። ከ2019 በፊት፣ በተለይ በሴት ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ አንድ ነገር ነበር። ቦርሳ ተሸካሚው፣ ማለትም ካዲው፣ ከተጫዋቿ ጀርባ ቆሞ «ትንሽ ወደ ግራ፣ አሁን ልክ ነው» እያለ ያነጣጥርላት ነበር። አዲሱ ሕግ ይህን ከለከለ፤ ማነጣጠር የተጫዋቹ ችሎታ ነው በማለት። ሁሉም ሰው የመጀመሪያዋ ተቀጪ ሴት ትሆናለች ብሎ ጠብቆ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በጥር 2019 በዱባዩ ኤምሬትስ ጎልፍ ክለብ ቻይናዊው ሊ ሃኦቶንግ በወንዶቹ ውድድር የመጨረሻ ጉድጓድ ላይ ካዲው ከጀርባው ትንሽ ስለዘገየ ብቻ ሁለት ምት ተቀጣ፤ ከሦስተኛ ደረጃ ወደ 12ኛ ወረደ። በሚቀጥለው ሳምንት አሜሪካ ውስጥ ዴኒ ማካርቲ በተመሳሳይ ተቀጣ፤ የእሱ ግን ተነሳለት። ሕግ አውጪዎቹ ወዲያው ማብራሪያ አወጡ፤ ተጫዋቹ ከቆመበት ወጥቶ እንደገና ከቆመ ቅጣት የለም ተባለ። የሊ ሃኦቶንግ ቅጣት ግን እንዳለ ቀረ። አንድ ሕግ፣ ሁለት ሳምንት፣ ሁለት ውጤት። ዱባይ ላይ የተቀጣው ምን አጠፋ?

በሜዳ ላይ ካለው ጨዋታ ውጭ ያሉትን ደንቦች በአጭሩ እናንሳ። ኤልፒጂኤ በ2017 የአለባበስ መመሪያ አውጥቶ በደረት ላይ የተከፈተ ልብስንና ከላይ ቀሚስ ወይም ቁምጣ ያልተደረበበትን ጥብቅ ሱሪ ከልክሏል፤ ቅጣቱም 1,000 ዶላር ነበር። የጎልፍ ሕግ መጽሐፍ ስለ ልብስ አንድ ቃል አይናገርም። የተሳታፊነት ጉዳይ ከዚህ በእጅጉ የከበደ ነው። በታኅሣሥ 2024 ኤልፒጂኤና የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር በሴቶች ውድድር የሚሳተፉት ሲወለዱ ሴት የተባሉ፣ አለበለዚያም የወንድ ጉርምስናን ሳያልፉ የጾታ ሽግግር ያደረጉ ብቻ እንዲሆኑ ወስነዋል። ውሳኔው ሜዳውን ፍትሐዊ ያደርጋል የሚሉ አሉ፤ ጥቂት ሰዎችን ለይቶ ያገለለ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ በዚህ ገጽ አያልቅም። ነገር ግን የውድድር ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መውጣቱ በውድድሩ መሐል ከሚመጣ ውሳኔ ይሻላል።

የባሕረ ሰላጤው አገራት የአካባቢ ሕግን ትርጉም ከማንም በላይ ሊያውቁት የሚገባ ናቸው። ኤምሬትስ ጎልፍ ክለብ በ1988 እስኪከፈት ድረስ በአካባቢው በሣር የተሸፈነ የጎልፍ ሜዳ አልነበረም። ሰዎች የሚጫወቱት በአሸዋ ላይ ነበር። ተጫዋቹ ትንሽ የፕላስቲክ ሣር ምንጣፍ ተሸክሞ ይዞር፣ ኳሱን እዚያ ላይ አስቀምጦ ይመታ ነበር፤ የጉድጓዱ ዙሪያ ደግሞ በዘይት የተጠቀጠቀ አሸዋ ነው። «ኳሱ ካረፈበት ቦታ ይመታል» የሚለው ሕግ ለበረሃው ሲባል ታጠፈ፤ ማንም አልተከፋም፣ ሁሉም ያውቀው ነበርና። ከዚያ በ2006 የሴቶች ባለሙያዎች ውድድር ዱባይ ገባ፤ አኒካ ሶረንስታም አሸነፈች። በ2019 በዚያው ክለብ ሴቶቹ በመብራት ሌሊት ተጫወቱ፤ በሌላው ዓለም ጨለማ ሲመጣ ጨዋታ ይቋረጣል። በ2020 ሳዑዲ ዓረቢያ የመጀመሪያውን የሴቶች ባለሙያ ጎልፍ አስተናገደች፤ ዴንማርካዊቷ ኤሚሊ ፔደርሰን ዋንጫውን ወሰደች።

በሳዑዲው አራምኮ ስም በተጀመረው የቡድን ውድድር ደግሞ ሦስት ባለሙያ ሴቶችና አንድ አማተር በአንድ ቡድን ይሰለፉ ነበር፤ በእያንዳንዱ ጉድጓድ የተሻሉት ሁለት ውጤቶች ይያዙ ነበር። ይህን ውድድር ሜዳው ዳር ቆሞ ማየት ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ ነበር። በአንድ ጉድጓድ ላይ፣ በአንድ ሕግ፣ ከዓለም ምርጦች አንዷና ነጋዴው አማተር አብረው ይጫወቱ ነበር። የሚለያቸው ክህሎትና አማተሩ እንደ ችሎታው የሚታሰብለት የምት ቅናሽ ነበር።

ታዲያ ከአዘጋጆቹ የምንጠይቀው ሁለት ነገር አለ፤ ሁለቱም ቀላል ናቸው። አንደኛው ክለቦቹን ይመለከታል። በየሜዳው ፊት ለፊት ያለውን ቀይ መነሻ «የሴቶች መነሻ» ማለት ይቅር። በሕጉ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ስም የለም። አረጋዊ ወንድም፣ ጀማሪ ልጅም ከዚያ ሊመታ ይችላል፤ ጠንካራ ምት ያላት ልጅም ከኋላው መነሻ ልትመታ ትችላለች። በርቀቱ ይጠራ።

ሁለተኛው የሻምፒዮናዎቹን አዘጋጆች ይመለከታል። በእያንዳንዱ ውድድር ተጫዋቾቹ የሚቀበሉት የአካባቢ ሕግ ወረቀት አለ። ክልሉ የት እንደሚያበቃ፣ የርቀት መለኪያ መሣሪያ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ሰዓት መቼ እንደሚያዝ ይናገራል። ተመልካቹ ግን አያየውም። ቅጣት ሲመጣ በአጥሩ ዳር የቆመችው አባትና ልጅ፣ ሜዳውን የሚያጠጣው ሠራተኛ፣ በስልኳ ላይ የምትከታተለው አንባቢያችን ለምን እንደሆነ አያውቁም፤ አንዳንዱም ሴቶቹ የተለየ ሕግ ስላላቸው ይመስለዋል። ወረቀቱ ረጅም አይደለም። በዓረብኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከተቻለም በሌሎች በዚህ አካባቢ በሚነገሩ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በመግቢያው በርና በውድድሩ ገጽ ላይ ይለጠፍ፤ ከመጀመሪያው ዙር በፊት።